ዝርዝሩን ማን ጻፈው? የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ የማወዳደር አጭር ታሪክ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀምጠን ነበር። ጉዳዩ ቀላል ይመስል ነበር። የአንዷ ጓደኛችን እናት ዋሽንግተን የምትኖረውን ታላቅ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። ቪዛው ተመትቷል፤ የትኬቱን ገንዘብ የምትከፍለው ልጅቷ ናት። እሷ ግን ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ቁጭ ብላ ዋጋ የምታወዳድርበት ጊዜ የላትም። ስለዚህ "እናንተ ኢንተርኔት ላይ አይደል የምትውሉት፤ ርካሹን ፈልጉና ሊንኩን ላኩልኝ" ተባልን። እኛም ደስ አለን። ኢንተርኔት ላይ መዋላችን ለአንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ሊውል ነው!

ሦስት ገጽ ከፈትን። አንደኛው የብዙ አየር መንገዶችን ዋጋ በአንድ ላይ የሚዘረዝር የፍለጋ ድረ ገጽ ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው የፍለጋ ድረ ገጽ "ከዚህ ግዙ" ብሎ የላከን የትኬት ሻጭ ድረ ገጽ ነው። ሦስተኛው የአየር መንገዱ የራሱ ድረ ገጽ ነው። አውሮፕላኑ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ የመነሻ ሰዓቱም አንድ፤ ዋጋው ግን ሦስት! ፍለጋው ላይ ያየነው ዋጋ ሻጩ ጋ ስንደርስ ትንሽ ጨመረ፤ ቢጨምርም ከአየር መንገዱ በ90 ዶላር ያንስ ነበር። ሊንኩን ላክን። ትኬቱ ተቆረጠ። እኛም 90 ዶላር ያተረፍን ያህል እየተሰማን ማኪያቶ ተገባበዝን።

የጉዞው ሌሊት ቦሌ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እናታችን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዘዋል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ... እናት ለልጇ የምትይዘውን ታውቁታላችሁ። ትኬቱ የሚፈቅደው ግን አንድ ሻንጣ ብቻ ኖሯል። ይህ ሻጩ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ እኛ ዋጋውን እንጂ ደቃቁን ፊደል አላነበብንም። ለሁለተኛው ሻንጣ የተከፈለው ተደምሮ አተረፍነው ያልነውን 90 ዶላር በልቶ ተጨማሪም ጠየቀ። እናታችን ዞር ብለው አዩንና "እናንተ ልጆች፣ ተምራችኋል ብዬ እኮ ነው" አሉን። አፈርን።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲከነክነን ከረመ። አንድ ወንበር እንዴት ሦስት ዋጋ ይኖረዋል? ያንን ዝርዝር ከላይ እስከታች የሚደረድረውስ ማን ነው? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ስናገላብጥ፣ እኛ ዛሬ የገጠመን ነገር ከሰባ ዓመት በላይ የቆየ ትግል የመጨረሻ ምዕራፍ ሆኖ አገኘነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ማወዳደር ትርጉም ያልነበረው ዘመን

በ1946 የካቲት ወር አሜሪካና እንግሊዝ ቤርሙዳ ደሴት ላይ አንድ ስምምነት ተፈራረሙ። በዓለም አቀፍ በረራዎች ላይ የሚጠየቀውን ዋጋ አየር መንገዶቹ በማኅበራቸው በኩል፣ ማለትም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሃቫና ላይ በተመሠረተው በአያታ፣ ተሰብስበው እንዲወስኑና መንግሥታት እንዲያጸድቁት ተስማሙ። ይህ አሠራር ለብዙ የዓለም መንገዶች ምሳሌ ሆነ። የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገውም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 8 ቀን ነው። በሌላ አነጋገር አየር መንገዳችን የተወለደው የትኬት ዋጋ በስብሰባ በሚወሰንበት ዓለም ውስጥ ነው።

በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራም ነገሩ ያው ነበር። ከ1938 ጀምሮ ሲቪል ኤሮናውቲክስ ቦርድ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትኛው አየር መንገድ በየትኛው መስመር እንደሚበርና ስንት እንደሚያስከፍል ይወስን ነበር። ከኒው ዮርክ ሎስ አንጀለስ በየትኛውም ኩባንያ ብትሄዱ ዋጋው በተግባር አንድ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ "የቱ ይረክሳል?" ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

ታዲያ በምን ይፎካከሩ ነበር? በምግብ! በ1958 አትላንቲክን በሚያቋርጡ በረራዎች ላይ አዲስ የርካሽ መደብ ተጀመረ። በዚህ መደብ ለሚሳፈር መንገደኛ ቀለል ያለ ሳንድዊች ብቻ እንዲሰጥ ተስማምተው ነበር። የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ግን ሳንድዊቹን በስጋና በጌጥ አሳምሮ ማቅረብ ጀመረ። የአሜሪካው ፓን አም "ይኼማ ሳንድዊች አይደለም፣ ሙሉ ምሳ ነው" ብሎ ከሰሰ። ነገሩ በታሪክ "የሳንድዊች ጦርነት" ተብሎ ቀረ። ትልልቅ ሰዎች ሱፍ ለብሰው ስለ ዳቦ ውፍረት የተከራከሩት በዋጋ መፎካከር ስላልተፈቀደላቸው ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን ነበር። ቦርዱ ሥልጣን ያለው ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በሚደረግ በረራ ላይ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ተነስቶ ቴክሳስ ውስጥ የሚያርፍ አውሮፕላን አይመለከተውም። ሳውዝዌስት የሚባል አንድ ትንሽ አየር መንገድ በዚህ ቀዳዳ ገብቶ በ1971 ዳላስን፣ ሂውስተንንና ሳን አንቶኒዮን በ20 ዶላር ማገናኘት ጀመረ። ሕዝቡም አየ። ተመሳሳይ ርቀት፣ ተመሳሳይ ሰማይ፣ ዋጋው ግን በመንግሥት ከተተመነው በእጅጉ ያነሰ። እውነተኛው የዋጋ ንጽጽር የተጀመረው ያኔ ነው ብንል የተጋነነ አይሆንም። ይህን ስም ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለቱ ስሚዞች

አሁን ከዋጋው ወደ ወንበሩ እንሂድ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሰው ወንበር ለመያዝ ሲደውል አየር መንገዱ ምን ያደርግ ነበር? በአሜሪካን ኤርላይንስ የመመዝገቢያ ቢሮ ሠራተኞች በሚሽከረከር መደርደሪያ ዙሪያ ይቀመጣሉ። መደርደሪያው ላይ ለእያንዳንዱ በረራ ካርድ አለ። ሠራተኛው መደርደሪያውን ያሽከረክርና ካርዱን መዝዞ ምልክት ያደርግበታል። አንድን ጉዞ መዝግቦ ለመጨረስ በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ እንደነበር ይነገራል።

በ1953 የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሲ አር ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ ሲበሩ አጠገባቸው አንድ ወጣት ተቀመጠ። ተዋወቁ። ወጣቱም ስሚዝ ነው! ብሌየር ስሚዝ የአይቢኤም የሽያጭ ሠራተኛ ነበር። አይቢኤም ደግሞ በዚያን ጊዜ ከጠላት አውሮፕላን የሚከላከል ሴጅ የተባለ የኮምፒውተር መረብ ለአሜሪካ አየር ኃይል በመሥራት ላይ ነበር። በየቦታው ካሉ ራዳሮች መረጃ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ማሳየት ከተቻለ፣ በየቦታው ካሉ ቢሮዎች የወንበር ጥያቄ ሰብስቦ አንድ ቦታ መመዝገብ ለምን አይቻልም? ከዚያ ጨዋታ ሳብር የሚባለው ሥርዓት ተወለደ። ሥራው በ1960 ተጀምሮ በ1964 ሙሉ በሙሉ አገልግሎት ላይ ዋለ። ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ማዕከሉ ኒው ዮርክ አቅራቢያ በምትገኝ ብራያክሊፍ ማነር በተባለች ከተማ ነበር፤ በቀን 84 ሺህ የስልክ ጥሪ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ነው የተሠራው።

በኢንተርኔት ትኬት የሚቆርጥ የዛሬ ወጣት ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ የእነዚያ የሁለት ስሚዞች ወሬ ተጠቃሚ ነው።

የመጀመሪያው መስመር

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኮምፒውተሩን የሚያየው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ብቻ ነበር። በ1976 አሜሪካን ኤርላይንስ ሳብርን፣ ተቀናቃኙ ዩናይትድ ደግሞ አፖሎ የተባለውን የራሱን ሥርዓት፣ በየትኬት ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1978፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የዋጋ ቁጥጥሩን የሚያነሳውን ሕግ ፈረሙ። ከሕጉ ጀርባ የነበሩት ኢኮኖሚስቱ አልፍሬድ ካን የዚያው ተቆጣጣሪ ቦርድ ሊቀ መንበር ነበሩ። የገዛ መሥሪያ ቤታቸውን እንዲዘጋ ያደረጉ ባለሥልጣን! (እንዲህ ያለ ሹም በየት በኩል ይገኛል?) ቦርዱም በ1984 መጨረሻ ተዘጋ።

ዋጋው ተለቀቀ። አዳዲስ አየር መንገዶች ፈሉ። አንድ መስመር ላይ አሥር ዓይነት ዋጋ መታየት ጀመረ። ያን ሁሉ ዋጋ መንገደኛው በራሱ ሊያውቀው አይችልም፤ የትኬት ቢሮዋን ሠራተኛ ይጠይቃል። ሠራተኛዋ ደግሞ ስክሪኑን ትጠይቃለች። የስክሪኑ ባለቤት ማን ነው? አየር መንገድ!

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ጥቂት በረራ ነው። ሌላውን ለማየት ገጹን መግለጥ ያስፈልጋል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ማን ይገልጣል? በጊዜው በተደረገ ጥናት ከሽያጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከመጀመሪያው መስመር፣ ከአሥር ዘጠኙ ያህል ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚመረጥ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ገምቱት። አሜሪካን በሳብር፣ ዩናይትድ በአፖሎ የራሳቸውን በረራ ወደ ላይ፣ የተፎካካሪን በረራ ወደ ታች ይደረድሩ ገቡ። የሌላው አየር መንገድ በረራ ቢረክስም፣ ቀጥታ ቢሆንም፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ገጽ ላይ ተቀብሮ ይቀራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚባለው? እነሱም በተሾሙበት ዘመን በሉ።

የአሜሪካን ኤርላይንስ መሪ የነበሩት ሮበርት ክራንዶል በዚህ ጉዳይ በኮንግረስ ፊት ሲጠየቁ አልሸሸጉም። የራሳችንን በረራ አስቀድሞ ማሳየትና በዚያም ገበያ መያዝ ሥርዓቱን የፈጠርንበት ዋና ምክንያት ነው የሚል መልስ ሰጡ። እውነቱን ስለተናገሩ ልናመሰግናቸው ይገባል። በ1984 መንግሥት ደንብ አወጣና ዝርዝሩን ለአንድ አየር መንገድ አድልቶ መደርደር ተከለከለ። ሃያ ዓመት ያህል የቆየው ደንብ በ2004 ተነሳ። የተነሳበትም ምክንያት አየር መንገዶቹ ድርሻቸውን ሸጠው ከሥርዓቶቹ ባለቤትነት በመውጣታቸውና ኢንተርኔት በመምጣቱ "ከእንግዲህ አያስፈልግም" ስለተባለ ነው።

ደላላውን የማባረር ዘመቻ

የትኬት ቢሮዎች ከሚሸጡት ትኬት በአብዛኛው አሥር በመቶ ያህል ኮሚሽን ከአየር መንገዱ ያገኙ ነበር። አየር መንገዶቹ ይህ ገንዘብ ሁልጊዜ ያንገበግባቸው ነበር። በ1995 መጀመሪያ ዴልታ ለአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ትኬት ከ50 ዶላር በላይ ኮሚሽን አልከፍልም አለ። ሌሎቹ ተከተሉት። በ2002 ደግሞ ዴልታ መደበኛውን ኮሚሽን ጭራሽ ዜሮ አደረገው፤ ሌሎቹ አሁንም ተከተሉት። በሺህ የሚቆጠሩ ሰፈር ውስጥ ያሉ ትኬት ቢሮዎች ወይ ዘጉ ወይ ከደንበኛው ላይ የአገልግሎት ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ በ1995 መጨረሻ ኢዚጄት የሚባል አየር መንገድ ከሉተን ወደ ግላስጎ መብረር ሲጀምር የስልክ ቁጥሩን አውሮፕላኑ ጎን ላይ በትልቁ ጻፈው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ደላላ የለም፣ ለራሴ ደውሉልኝ። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ስልኩ በድረ ገጽ ተተካ። በአሜሪካ አላስካ ኤርላይንስ በዚያው በ1995 በኢንተርኔት ትኬት መሸጥ ጀመረ።

ደላላው ተባረረ? ኧረ እሱስ በሌላ በር ገባ! በ1996 ሁለት ትልልቅ ድረ ገጾች ተከፈቱ። ትራቭሎሲቲን የከፈተው ያው የአሜሪካን ኤርላይንሱ ሳብር ነው፤ ኤክስፒዲያን የከፈተው ማይክሮሶፍት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገደኛው ራሱ፣ በቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የትኬት ቢሮዋ ሠራተኛ ታየው የነበረውን ዝርዝር አየ። አየር መንገዶቹ ደነገጡ። አምስት ትልልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች (ዩናይትድ፣ ዴልታ፣ ኮንቲኔንታል፣ ኖርዝዌስትና አሜሪካን) ገንዘብ አዋጥተው በ2001 ኦርቢትስ የሚባል የጋራ ድረ ገጽ አቋቋሙ። ተፎካካሪ የተባሉ አምስት ኩባንያዎች አንድ ሱቅ ሲከፍቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጠርጥሮ መረመረ፤ በ2003 ግን ምርመራውን ዘጋ።

መጨረሻውን ልንገራችሁ። በ2015 ትራቭሎሲቲንም ኦርቢትስንም የገዛው ኤክስፒዲያ ነው። ሦስት የተለያየ ስም፣ ሦስት የተለያየ ቀለም፣ አንድ ጌታ። ሦስቱን ከፍቶ "አወዳደርኩ" የሚል ሰው አንድን ነጋዴ በሦስት በሩ እየገባ እየጠየቀ ነው።

የደላላ ደላላ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጋሬዝ ዊሊያምስ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ የበረዶ ሸርተቴ ለመጫወት ወደ ፈረንሳይ ተራሮች ርካሽ በረራ ይፈልግ ነበር። ርካሾቹ አየር መንገዶች በየራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ ስለሚሸጡ አንድ በአንድ እየከፈተ ዋጋቸውን ሰንጠረዥ ላይ መመዝገብ ሰለቸው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስካይስካነርን ሠራ። በአሜሪካ ደግሞ በ2004፣ ከኦርቢትስ መሥራቾች አንዱ የነበረው ስቲቭ ሃፍነርና ፖል ኢንግሊሽ ካያክን መሠረቱ። እነዚህ ትኬት አይሸጡም ነበር። የሻጮችንና የአየር መንገዶችን ዋጋ ሰብስበው ያሳያሉ፤ የወደዳችሁትን ስትጫኑ ወደ ሻጩ ይልኳችኋል። ለመላካቸውም ሻጩ ይከፍላቸዋል። ደላላ ለደላላ እንደማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ስሙ ብዙም የማይነሳ አንድ ኩባንያ ነበር። በ1996 ከኤምአይቲ የወጡ የኮምፒውተር ሰዎች ያቋቋሙት አይቲኤ ሶፍትዌር፣ የበረራና የዋጋ ጥምረቶችን በፍጥነት የሚያሰላ ፕሮግራም ሠራ። ኦርቢትስም ካያክም በእሱ ይጠቀሙ ነበር። ጉግል በ700 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው መሆኑን በ2010 አስታወቀ፤ ግዢው በ2011 ተጠናቀቀ፤ በዚያው ዓመት ጉግል የራሱን የበረራ ፍለጋ ከፈተ። ካያክን የፕራይስላይን ኩባንያ (ዛሬ ቡኪንግ ሆልዲንግስ የሚባለው)፣ ስካይስካነርን ደግሞ በ2016 የቻይናው ሲትሪፕ ገዟቸው። ከአየር መንገዶች አድልዎ ለማምለጥ የተከፈተው በር ሁሉ እየዋለ እያደረ ባለቤት አገኘ።

አየር መንገዶቹም ዝም አላሉም። ሳውዝዌስትን ያዙልን ብለናችሁ ነበር። ይህ አየር መንገድ ለብዙ ዓመታት ዋጋውን ለፍለጋ ድረ ገጾች አልሰጥም ብሎ ቆየ። ርካሽ የሚባለው አየር መንገድ "ሁሉንም አወዳድረናል" በሚሉት ዝርዝሮች ላይ አልነበረም ማለት ነው! ጉግል ላይ ዋጋው መታየት የጀመረው በ2024፣ ኤክስፒዲያ ላይ መሸጥ የጀመረው ደግሞ በ2025 ነው። የጀርመኑ ሉፍታንዛ በበኩሉ ከመስከረም 2015 ጀምሮ እንደ ሳብር ባሉ ሥርዓቶች በኩል በሚቆረጥ ትኬት ላይ 16 ዩሮ ጨመረ፤ ከራሱ ድረ ገጽ ለሚገዛ ግን አይጨምርም። እነዚህ ሥርዓቶች ለእያንዳንዱ ምዝገባ ስለሚያስከፍሉት ነው። ሁለት ስሚዞች የፈጠሩትን መንገድ አየር መንገዶቹ ራሳቸው በክፍያ ኬላ ዘጉት።

ታዲያ አንድ ወንበር ለምን ሦስት ዋጋ?

ወደ ላፕቶፓችን እንመለስ። ይህን ሁሉ ታሪክ ካየን በኋላ የዚያን ቅዳሜ ሦስት ዋጋዎች መረዳት አላቃተንም።

አንደኛ፣ የአውሮፕላን ወንበር አንድ ዓይነት ቢመስልም በኮምፒውተሩ ውስጥ በላቲን ፊደል በተሰየሙ ብዙ የዋጋ መደቦች ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው። ርካሹ መደብ ሲያልቅ ቀጣዩ ይከፈታል። ለአራት ሰው አንድ ላይ ከፈለጋችሁና በርካሹ መደብ የቀረው ሁለት ወንበር ብቻ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ብዙውን ጊዜ አራታችሁንም በውድ መደብ ያሰላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሰው ፈልጋችሁ እዩት።

ሁለተኛ፣ የፍለጋ ድረ ገጽ ሁልጊዜ አሁን ያለውን ዋጋ አያሳይም። እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ ማስላት ውድ ስለሆነ ጥቂት ቀደም ብሎ የተገኘ ዋጋ ያስቀምጣል። ስትጫኑት ዋጋው የሚያድገው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ሻጩ ከትኬቱ ላይ ቀንሶም ሊሸጥ ይችላል። ዋናው ዓላማው ዝርዝሩ ላይ አናት መውጣት ነው፤ ያው የመጀመሪያው መስመር! የቀነሰውን በሻንጣ፣ በወንበር ምርጫ፣ በቀን መቀየሪያ፣ በ"ኢንሹራንስ" ይመልሰዋል። እኛን ያገኘን ይኼ ነው።

አራተኛ፣ ጊዜ ራሱ ዋጋ ይቀይራል። ኦረን ኤትዚዮኒ የሚባል የኮምፒውተር ተመራማሪ ለወንድሙ ሠርግ ሲበር፣ ትኬቱን ከወራት በፊት በመቁረጡ ጎበዝ ነኝ ብሎ አጠገቡ የተቀመጡትን ዋጋ ጠየቀ። ከእሱ በኋላ ገዝተው ከእሱ ያነሰ የከፈሉ አገኘ! ተናዶ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የሚተነብይ ፌርካስት የተባለ አገልግሎት ሠራ፤ ማይክሮሶፍትም በ2008 ገዛው። ከዚያ ይህም በር እንደሌሎቹ ተዘጋ።

ሕግም ቢሆን ጥቂት ረድቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው ደንብ፣ አሜሪካም ከ2012 ጀምሮ፣ የሚተዋወቀው ዋጋ ግብርንና ግዴታ ክፍያዎችን ሁሉ የጨመረ እንዲሆን ያስገድዳሉ። ሻንጣ ግን "ግዴታ" አይደለም። ለእናንተ በርበሬና ሽሮ ግዴታ መሆኑን ሕጉ አያውቅም። ሌላም አለ፤ ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ በረራ፣ ጉዞው ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው ከአየር መንገዱ በቀጥታ የተገዛ ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰረዝ ወይም ያለ ክፍያ እንዲያዝ ደንቡ ያዛል። ከሻጭ ድረ ገጽ ለገዛ ሰው ግን ይህ መብት በደንቡ አልተረጋገጠም። በ2020 ኮሮና በረራ ሲያሰርዝ በብዙ አገር ሰዎች ይህን ልዩነት በመራራው ተማሩት። ሻጩ "አየር መንገዱን ጠይቁ" ይላል፤ አየር መንገዱ "ከገዛችሁበት ጠይቁ" ይላል፤ ገንዘቡ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የኛ ነገር

ይህ ታሪክ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ይነሳ እንጂ ወደኛም ደርሷል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በብር ካርድ ከውጭ ድረ ገጽ ትኬት መግዛት ለአብዛኞቻችን የማይሞከር ነው። ዋጋውን ማየት እንችላለን፤ መግዛት ግን ዘመድ ይጠይቃል። ስለዚህ አንዱ ይፈልጋል፣ ሌላው ባሕር ማዶ ይከፍላል፣ ሦስተኛው ይጓዛል። ዋጋውን ያየው ሰው፣ የከፈለው ሰውና ሻንጣ የተሸከመው ሰው ሲለያዩ ደቃቁን ፊደል የሚያነብ ይጠፋል። የኛ ስህተት የተፈጠረው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ብዙ አበሻ ዛሬም በአማርኛ ደውሎ ከሚያውቀው ትኬት ቢሮ የሚገዛው ወደ ኋላ ስለቀረ ብቻ አይመስለንም። "ስንት ሻንጣ ነው?" ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ስላለ ነው።

አሁን ትኬት ስንፈልግ እንዲህ እናደርጋለን። የፍለጋ ድረ ገጹን ለመንገድ ጠቋሚነት እንጠቀምበታለን፤ ማን ይበራል፣ በየት ያልፋል፣ የትኛው ቀን ይረክሳል የሚለውን ከእሱ የተሻለ የሚነግረን የለም። ከዚያ ያንኑ በረራ በአየር መንገዱ ገጽ ላይ እንከፍታለን። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ ድረስ ወስደን፣ ተመሳሳይ የሻንጣ ብዛት አስገብተን፣ ያኔ እናወዳድራለን። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ከአየር መንገዱ እንገዛለን፤ ችግር ሲመጣ የምንደውለው ለአንድ ሰው ብቻ ይሆናላ። ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ደግሞ ከሻጩ እንገዛለን፣ ደቃቁን ፊደል ጮክ ብለን እያነበብን።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ይህን ዝርዝር ማን ጻፈው፣ ማንስ ከፈለው? በ1980ዎቹ ጥያቄው ለትኬት ቢሮዋ ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ ለእያንዳንዳችን ነው።

እናታችን በሰላም ደርሰው በሰላም ተመልሰዋል። ሲመለሱ ቸኮሌት ይዘውልን መጡ። የመጡትም በአንድ ሻንጣ ነው፤ "እናንተን አምኜ ሁለት ልይዝ ነው እንዴ?" ብለው።